አምባዛዋ እንቁላል ይዛለች ወይስ ወፍራለች? የአንድ መመልከቻ ሣጥን ግምገማ

በአኳሪየም ውስጥ ኮሪዶራስ የሚባሉትን ትንንሽ አምባዛዎች የሚያኖር ሰው ውሎ አድሮ አንዲት ሆዷ የተነፋ ዓሣ ፊት ቆሞ መጠየቁ አይቀርም፤ እንቁላል ይዛ ነው ወይስ ወፍራ? ይህን ለመለየት ስምንት ወር የተጠቀምሁበት ዕቃ ከአክሪሊክ (መስታወት ከሚመስል ፕላስቲክ) የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ በገንዳው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል መመልከቻ ሣጥን ነው። ሣጥኑን ወድጄዋለሁ፤ አብሮት የመጣውን የመመሪያ ወረቀት ግን አልወደድሁትም።

የሣጥኑ ትልቁ ጥቅም መረብን ማስቀረቱ ነው። የኮሪዶራስ የጀርባና የደረት ክንፎች ከፊት በኩል እንደ እሾህ የጠነከረ አጥንት አላቸው፤ ዓሣዋ ስትደነግጥ አጥንቱ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። በመረብ ከተያዘች እሾሁ ከክሮቹ ጋር ይጠላለፍና ለማላቀቅ ሲሞከር እርሷም ትጎዳለች፣ የያዛትም እጅ ይወጋል። በሣጥኑ ግን ከውኃ ሳትወጣ ቀስ ብላ ተነድታ ትገባለች። ግድግዳዎቹ ጠፍጣፋ በመሆናቸው መልኳን አያዛቡም፤ በወለሉ ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ የተሠመሩት መስመሮች ደግሞ ስፋቷን ከላይ ሆኖ ለመለካት ያስችላሉ።

ከላይ ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ሴቷ እንቁላል ባትይዝም ከወንዱ ሰፋ ያለች ስለሆነች ስፋት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ መታየት ያለበት ስፋቱ የት ላይ እንደሆነና ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ምግብ የሞላው ሆድ ከጭንቅላት ቀጥሎ ወደ ታች ያብጣል፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሳትበላ ብትቆይ ይጎድላል። እንቁላል ግን ወደ ሆድ ክንፎቹ ቀረብ ብሎ ግራና ቀኙን እኩል ይሞላል፤ በጾም አይጎድልም፣ ከጣለች በኋላ ግን ሆዷ ወዲያው ይቀንሳል። ውፍረትም በሁለት ቀን ጾም አይጎድልም፤ ልዩነቱ ለሳምንታት እንዳለ መቆየቱ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት፣ ከላይ ፎቶ አንሥቶ መስመሮቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የመመሪያው ወረቀት ይህን ሁሉ ትቶ «የተነፋ ሆድ የእንቁላል ምልክት ነው፤ ምግብ ይጨመር» ብሎ ያልፋል። እኔም አምኜው ለአንዲቱ ዓሣዬ ለሳምንታት ቀይ ትል ጨመርሁላት፤ እንቁላል አልመጣም። ሁለት ቀን አስጹሜ ስለካት ስፋቷ አልተለወጠም፤ የአምስት ሳምንት ፎቶዎቿም አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ወፍራ ነበር። ምግቧን ቀንሼ በሳምንት አንድ ቀን እንድትጾም ካደረግሁ በኋላ ወደ መጠኗ ለመመለስ ሁለት ወር ያህል ፈጀባት፤ ይህን ጉዳት ያደረሰባት ያ አንድ መስመር ምክር በመሆኑ አምራቹ እንዲያርመው አጥብቄ እፈልጋለሁ። ሌላይቱ ግን ገንዳው ጥቂት ዲግሪ በቀዘቀዘ ውኃ በከፊል ከታደሰ በኋላ በማግስቱ በመስታወቱ ላይ እንቁላል ለጥፋ አደረች፤ በዚያው ቀን ስለካት በሣጥኑ መስመር ሲቆጠር ስፋቷ በግልጽ ቀንሶ ነበር።

የሣጥኑ የራሱ ጉድለትም አለ። የጎማ መያዣዎቹ ሲላሉ ሣጥኑ እስከ ክዳኑ ድረስ ይሰምጣል፤ ኮሪዶራስ ደግሞ አልፎ አልፎ ወደ ውኃው ገጽ ወጥታ አየር በመዋጥ በአንጀቷ ጭምር የምትተነፍስ ዓሣ ስለሆነች ከክዳኑ በታች የጣት ስፋት ያህል አየር መተው ግድ ነው። ቀዳዳዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ከአሥር ደቂቃ በላይ አላቆያትም።

አንሲስትረስ የሚባሉትን፣ በአፋቸው ግድግዳ ላይ የሚጣበቁ አምባዛዎች ለሚያኖር ሰው ሣጥኑ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሴቷ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ስትጣበቅ ብርቱካናማዎቹ እንቁላሎች በሆዷ ቆዳ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ሆዷ በድንገት ያበጠች፣ መብላት ያቆመች ወይም ሚዛኗን የሳተች ዓሣ ግን የመለኪያ ጉዳይ ሳትሆን የሕመም ጉዳይ ናትና ወደ ሣጥኑ ሳይሆን ወደ ተለየ ገንዳ ትወሰድ። ሲያድጉ ከክንድ ለሚረዝሙት ትልልቅ የአምባዛ ዝርያዎችም ሣጥኑ ስለሚጠብ አይመከርም።