መጨረሻዋ 3 የት ሄደች? ቢግኢንትን ሞክሬው

ኮምቦልቻ ላንድ መጋዘን ደረሰኝ የሚያትም ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) በጃቫስክሪፕት፣ ብሮውዘር ላይ በሚሠራው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሠርቼ ነበር። ጥቂት ሳምንት በሰላም ሠራ። ከዚያ ባለቤቱ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ደረሰኝ የኔ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የቁጥሩ መጨረሻ 3 ነው፣ ያንተ ማሽን 2 ይላል።» «አብሽሩ ጋሼ፣ ሲጽፉት ተሳስተው ይሆናል» ብዬ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ብሮውዘሩ ላይ 9007199254740993 ብዬ ብጽፍ 9007199254740992 ብሎ መለሰልኝ፣ ዓይኔ እያየ!

የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር በ64 ቢት ነው የሚቀመጠው፤ ሙሉ ቁጥርን ሳይሳሳት የሚይዘው እስከ 9007199254740991 ነው። ከዚያ ካለፈ ወደሚቀርበው ያጠጋጋዋል፣ ኤረር እንኳ አይልህም።

መጀመሪያ የራሴን ማስሊያ ፈንክሽን (የፕሮግራም ቁራጭ) ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይዤ፣ ልክ ልጅ ሆነን እንደተማርነው ከቀኝ ጀምሬ አሃዝ በአሃዝ እየደመርኩ፣ ከ9 ሲያልፍ አንዱን በእጄ እየያዝኩ። መደመሩ ባንድ ምሽት አለቀ። ማባዛቱም እየተንገዳገደም ቢሆን ሄደ። ማካፈሉ ግን ጉድ ሠራኝ፤ መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴ መጣ፣ እኔ እዚያው ነኝ።

ተስፋ ስቆርጥ ነው ወደ ቢግኢንት፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን ሳይሳሳት ወደሚይዘው የቁጥር ዓይነት፣ የዞርኩት። ከ2020 ጀምሮ በቋንቋው ደንብ ውስጥ ስላለ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ) አውርድ የለ፣ ኔትወርክ ጠብቅ የለ። ከቁጥሩ ኋላ ትንሿን ኤን (n) መለጠፍ ነው፣ በቃ። የ25ን ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 25 ያሉት ሁሉ ሲባዙ) ብጠይቀው 15511210043330985984000000 ብሎ 26ቱንም አሃዝ ዘረገፈው። የኔ ፈንክሽኖች በዚያው ተሰናበቱ።

ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። ከተራ ቁጥር ጋር ደምር ብትለው አሻፈረኝ ይላል (ይሄን እንኳ ወደድኩለት፤ ዝም ብሎ ከሚሳሳት ይጩህ)። 7ን ለ2 ስታካፍል 3 ይልሃል፣ ግማሿን ውጧታል፤ ስለዚህ ብር የምታሰላ ከሆነ ሁሉንም በሳንቲም ያዝ። ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚላላኩበት የጽሑፍ ቅርጽ) ውስጥ ልክተተው ካልክም ኤረር ነው፣ ወደ ጽሑፍ ቀይረህ ነው የምትልከው። ይቺኛዋ ግማሽ ቀን በልታብኛለች። ፓይተን የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሙሉ ቁጥር ያለ ምንም ኤን የፈለገውን ያህል ይረዝማል፤ ግን መጋዘኑ ውስጥ ያለው ብሮውዘር ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ለጄሰኗ ነው። ደረሰኙ አሁን 3 ብሎ ያትማል። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርገው፣ በጣታቸው አሃዝ በአሃዝ ሳያስተያዩ አይፈርሙም።