ግማሽ ድምፅ ለመውረድ ስንት ብር?

በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊታሪስቶች ደወሉልኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «ለድምፃዊያችን ዘፈኑ ከፍ እያለባት ነው። ጊታሩን ዝቅ አድርገን እንቃኘው ወይስ ሌላ ጊታር እንግዛ?» አራተኛው ሲደውል አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ ስለ ክር ውፍረት እያወራሁ ቀረሁ። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ይህን እልክለታለሁ።

መልሴን አላንዛዛም። ያላችሁን ጊታር ግማሽ ድምፅ አውርዱት። ወፈር ያለ ኦሪጅናል ክር ግዙለት። ለባለሙያ ከፍላችሁ አስተካክሉት። በቃ። ሁለተኛ ጊታር የገዛሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ አትድገሙት።

ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ግን ነፃውን ሞክሩ። ዘፈኑ ባዶ ክር፣ ማለትም በጣት ያልተያዘ ክር፣ የማይመታበት ከሆነ እጃችሁን አንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች አንዷን) ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል። ምንም መቃኘት አያስፈልግም። ብዙ ሰው ይህቺን ሳይሞክር ነው ሱቅ የሚሮጠው። አንገቱ ላይ የሚታሰረው መቆንጠጫ፣ ካፖ፣ ደግሞ ለዚህ ችግር አይሆንም፤ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። አንዱ ካፖ ገዝቶ መጥቶ «የት ላይ ልሰረው?» ብሎኛል። ምን ልበለው?

ሌላው ነፃ ነገር ድሮፕ ዲ የሚባለው ነው። ወፍራሙን ኢ ብቻ ወደ ዲ ታወርዱታላችሁ፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ለሮክ አሪፍ ነው፤ በአንድ ጣት ከባድ ኮርድ ይወጣል። ድምፃዊቷን ግን አያሳርፋትም። አምስቱ ክሮች አልተነኩማ።

ስድስቱንም ግማሽ ድምፅ ማውረድ፣ ማለትም ከኢ ወደ ኢ ፍላት፣ ለእኛ አገር ባንድ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። ምክንያቱ ሳክስፎን ነው፤ እሱና ትራምፔት የሚጠሩት ኖታ ከጊታሩ ጋር አንድ አይደለም፣ ሻርፕ በበዛ ቁጥር ደግሞ ለነፊው ይከብዳል። ጊታሪስት ባዶ ክር ስለሚወድ ኢ ላይ መጫወት ደስ ይለዋል። እሱ ኢ ሲል አልቶ ሳክስፎኑ ሲ ሻርፕ ላይ ይወድቃል፤ ሰባት ሻርፕ። ትራምፔቱና ቴነሩ ኤፍ ሻርፕ ላይ፤ ስድስት ሻርፕ። ፊታቸውን ማየት ነው። ጊታሩ ኢ ፍላት ከተቃኘ ግን የጊታሪስቱ እጅ ሳይለወጥ አልቶው ንጹህ ሲ ላይ ያርፋል፤ ትራምፔቱና ቴነሩ ኤፍ ላይ። እኛ ይህን ያወቅነው ሳክስፎኒስታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ካጉረመረመ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ጣት ላይ ነው። ክሩ ላላ ሲል መሳብ ይቀላል። አንቺሆዬ ወይም ባቲ ላይ ድምፁን ጎተት አድርጎ ማስለቀስ የሚፈልግ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል። ነገሩም አዲስ አይደለም። ክራር መቺ የድምፃዊውን ጉሮሮ ሳያውቅ አይቃኝም፤ ማሲንቆም እንዲሁ። ጂሚ ሄንድሪክስም ጊታሩን ብዙ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ያወርድ ነበር። «ኢ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ድርቅ የሚለው የእኛ ሰፈር ጊታሪስት ነው።

አሁን ወደ ክሩ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። ግማሽ ድምፅ ስታወርዱ የክሩ ውጥረት 11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሙሉ ድምፅ ከሆነ 20 በመቶ ያልፋል። ከ10 እስከ 46 የሚባለው የተለመደው ክር (ቁጥሩ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ነው፣ በኢንች ሺሕኛ) ግማሹን ይችለዋል፤ ግን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ወፍራሙ ፍሬት ላይ ይንጫጫል። ከ11 እስከ 49 ያለውን ብታስሩ ውጥረቱ ወደ ቀድሞው ይጠጋል። እኔ እሱን ነው የማስረው።

ዋጋውስ? ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ክር ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ዳዳሪዮ የሚባለውን ክር የመጨረሻውን ኦሪጅናል እሽግ በ2,200 ብር ገዛሁት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሱቅ ያንኑ ማሸጊያ፣ ያንኑ ቀለም፣ በ700 ብር አየሁት። 700ው ልቤን ሰረቀው። ሁለት እሽግ ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ማታውኑ አሰርኩት። ቀጭኑን እያጠበቅኩ ሳለ ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት ጋ የተጠመዘዘው ሽቦ ተተረተረ። ክሩ ተወርውሮ ጉንጬን ገረፈኝ። ቀለበቷ አልጋ ስር ገባች። ሁለተኛው እሽግ አልተበጠሰም፤ የሱ ጣጣ ሌላ ነው። ባዶውን ስመታው ልክ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ስይዘው ስህተት። አንድ ሰዓት ሙሉ ክሩ ከታች ከሚያርፍበት ከድልድዩ ብሎኖች ጋር ታገልኩ። ጥፋቱ የጊታሩ አልነበረም። 1,400 ብር ውሃ በላው።

ስለዚህ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። የዳዳሪዮ የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ስድስቱም በአንድ የታሸገ ከረጢት ነው የሚመጣው፤ የጫፎቹ ቀለበቶች ቀለማቸው የተለያየ ነው። ቀለሙን ፎርጂዶቹም ለምደውታል፤ እሱን ብቻ አትመኑ። እሽጉ ውስጥ ያለውን ኮድ የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ክሮቹ በየራሳቸው ወረቀት ተጠቅልለው ከመጡ ግን ኮድ መፈለግም ድካም ነው።

ወፍራም ክር ከታሰረ በኋላ ጊታሩ መስተካከል አለበት። የሚሠሩልን ጋሼ ፒያሳ የነበረችው ክፍላቸው ስትፈርስ ወደ ስድስት ኪሎ ሄደዋል። ወፍራሙን ክር አንገቱ ጫፍ ላይ ባለችው ነጭ ፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። «ልጄ፣ ይሄ አልገባም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነው» አሉኝ። በቀጭን ሞረድ ሦስቴ አራቴ ገፋ አደረጉት፣ እፍ አሉበት፣ ደግመው አሰሩት። የአንገቱን ብረት ሩብ ዙር አዞሩ። 1,500 ብር። ቦዩ አንዴ ከሰፋ አይጠብምና በጥፍር ሞረድ ራሳችሁ አትሞክሩት። እኔ ሞክሬ ቦዩን በሱፐር ግሉና በቤኪንግ ሶዳ ሞልተውልኛል። በነገራችን ላይ ድልድዩ በስፕሪንግ የቆመ ጊታር ካላችሁ፣ ክሩ ሲላላ ስፕሪንጉ ድልድዩን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። እሱንም አስተካክሉልኝ በሉ።

ድምር፦ 3,700 ብር። ቤዙም አብሮ ይወርዳል፤ ለግማሽ ድምፅ ግን አዲስ የቤዝ ክር አያስፈልገውም።

አሁን የእኔን ሞኝነት አስሉ። «ለዝቅታ ብቻ» ብዬ ያገለገለ ጊታር በቴሌግራም በ18,000 ገዛሁ። ራሱ ላይ ፌንደር ይላል። ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። መቃኛዎቹ አልይዝ አሉ፤ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ይንሸራተታሉ። መቀየሪያ 4,000። የፍሬቶቹ ጠርዝ እጅ ይቆርጣል፤ ማስሞረጃ 2,500። 24,500 ብር ገብቶበት አሁንም እንጨቱ የእንጨት ድምፅ የለውም። ሁለት ጊታር ራይድ ውስጥ ጭኖ መዞሩን ተዉት። ግማሹን ዘፈን በኢ፣ ግማሹን በኢ ፍላት የምትጫወቱ ከሆነ ሁለት ጊታር ያስፈልጋል፤ አልክድም። ግን ለምን? ማታውን በሙሉ ኢ ፍላት ላይ ማደር ይቻላል።

ሌላው አማራጭ ፔዳል ነው፤ እሱን ተውሼ ነው የሞከርኩት። ዲጂቴክ ድሮፕ ይባላል፤ በእግር ጫን ሲሉት ጊታሩን በግማሽ በግማሽ ድምፅ ያወርደዋል። ውጭ አገር ራሱ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ እዚህ ሲደርስ አስቡት። አምፑ፣ ማለትም የጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ ጮክ ሲል ጥሩ ነው። ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ግን የክሩን ድምፅ ከእጃችሁ ስር፣ የወረደውን ከአምፑ ትሰማላችሁ። ጆሮ ያማል።

ከግማሽ ድምፅ በታች መውረድ የሚያምራቸው ልጆች የብላክ ሳባዝን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን ይጠቅሱልኛል። ሰውየው ፋብሪካ ውስጥ ክር የሚጫንበት የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፍ ተቆርጦበት ነው ክር ማላላት የፈለገው። የእናንተ ጣት ሙሉ ነው። ሲ ላይ የተቃኘ ጊታር ከቤዙና ከትልቁ ከበሮ ጋር ተጋጭቶ ጭቃ ይሆናል፤ የማሲንቆ ዘፈን ደግሞ ጭቃ አይወድም።

ኪቦርዲስቱን አደራ። እሱ ክር አይፈታም፤ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ተጭኖ ይወርዳል። አንድ የጥር ሰርግ ላይ ከእረፍት ስንመለስ ኪቦርዱ ጠፍቶ ተነስቶ ነበር። ቁልፉ ወደ ዜሮ ተመልሷል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መግቢያውን መታ። እኛ ኢ ፍላት፣ እሱ ኢ። የሙሽራው አጎት ጆሯቸውን ይዘው ዞሩብን። አሁን ቁልፉ አጠገብ ፕላስተር ለጥፈን «ሲቀነስ 1» ጽፈንበታል።

18,000 ያልኳችሁ ጊታር ቤት ተሰቅሏል። የሚፈልግ ካለ እንነጋገር፤ 9,000 ብትሉኝም አልከራከርም። ዝቅ አድርጌ ልቃኘው ብላችሁ ከሆነ ግን አልሸጥላችሁም።