ሦስት ዓይነት ፖፖ፦ ለሁለት ዓመት ልጅ የትኛው ይሻላል?

ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ ቤት ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል እንደ ፖፖ በየቀኑ የሚያገለግል፣ እንደ ፖፖም ብዙ ሳይታሰብበት የሚገዛ ያለ አይመስለኝም። ስለ ዳይፐር ዓይነትና ስለ ገንፎ እህል ምጥን አጥብቀው የሚመካከሩ ወላጆች ፖፖ ላይ ሲደርሱ ቀለሙን አይተው ከፍለው ይወጣሉ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጄ ሦስት ዓይነት ተጠቅማለች፤ አንደኛው በየሰፈሩ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ተራው ፖፖ፣ ሁለተኛው ልጁ ሲሸና ሙዚቃ የሚያሰማው ባለ መደገፊያ ፖፖ፣ ሦስተኛው ደግሞ በትልቁ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ላይ የሚደረበው ቀለበት ነው። ከሦስቱ የረባን ርካሹ ነው። እንዲህ የምለው ዋጋውን ለማሞገስ ሳይሆን፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሊያደርገው ከሚችለውና ከማይችለው ነገር ጋር የሚስማማው እሱ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ተራው ፖፖ ወጥ ከሆነ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ከበስተኋላው እጀታ ያለው፣ አንዳንዱ ክዳን ያለው አንዳንዱም የሌለው ዕቃ ነው። ዋጋው የአንድ ትልቅ እሽግ ዳይፐር ያህል እንኳ አይደርስም። ዋናው ብልጫው ማንም ልብ የማይለው ቁመቱ ነው። ልጄ ስትቀመጥበት ጉልበቶቿ ከወገቧ በትንሹ ከፍ ይላሉ፣ ሁለቱም የውስጥ እግሮቿ ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይረግጣሉ። ዓይነ ምድር ለማውጣት የሚያምጥ ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት ነገር ካጣ የሆዱን ጡንቻ እንደሚገባ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ወደ ቁጢጥታ የቀረበ አቀማመጥ ደግሞ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ቀና እንዲል ስለሚያደርግ ድካሙን ያቀልለታል። ቁመቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ልጁ ማንም ሳያነሣው መጥቶ ይቀመጣል፣ ማንም ሳያወርደው ይነሣል። «እኔ ራሴ» ማለት በተጀመረበትና ለጥያቄ ሁሉ የመጀመሪያው መልስ «እምቢ» በሆነበት ዕድሜ፣ ተሸክሞ የሚያስቀምጥ ሰው የማያስፈልገው ዕቃ ግማሹን ጠብ ከቤት ያስወጣል።

ቅለቱ የሚጠቅምበትም የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። መጸዳጃ ቤቱ በግቢው ጥግ በሆነበት ወይም ከጎረቤት ጋር በጋራ በሚገለገሉበት ቤት፣ በተለይ በክረምት ሌሊት፣ ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በአንድ እጅ ይነሣል፣ ወደ አያት ቤት ሲኬድ በፌስታል ተደርጎ ይወሰዳል። በሌላ በኩል መቀመጫው ጠባብ የሆነው ዓይነት ልጁ በድንገት ሲነሣ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሣና ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የሚሆነውን መግለጽ አያስፈልግም። ስለዚህ ስትገዙ ከላይ ካለው አፉ ይልቅ ወለሉን የሚነካው ግርጌው ሰፋ ያለውን ምረጡ። ጠርዙን ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱት፤ በርካሽ ፕላስቲክ ላይ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫዎች በተጋጠሙበት መስመር ሹል ነገር ይቀራል፣ የልጅ ገላም ይቧጭራል። ከፊት ለፊቱ ጉብ ያለ መከለያ መኖሩ ለሴት ልጅ ያን ያህል አያስፈልግም፤ ለወንድ ልጅ ግን ያለ እሱ ሽንቱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ያርፋል። መከለያው በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ልጁ ሲቀመጥና ሲነሣ ይመታዋል፤ አንድ ጊዜ ያመመው ልጅ ተመልሶ ለመቀመጥ ይፈራል። የጠዋቱ ፕላስቲክ እንደሚቀዘቅዝም አልክድም። የእኛዋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚህ ምክንያት ብድግ ትል ነበር፤ ጠርዙን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ በቂ ሆኖ ተገኘ።

ሙዚቃ የሚያሰማው ፖፖ ሲያዩት ያምራል። መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ አለው፣ ክዳኑ ሲዘጋ እንደ ትንሽ ወንበር ያገለግላል፣ ውስጡ ያለው ጎድጓዳ ሣህን ለብቻው ይነቀላል፤ ዋጋውም ከተራው ብዙ እጥፍ ነው። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። ከሣህኑ ግርጌ ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች አሉ፤ ፈሳሽ ሲያገናኛቸው ከባትሪው ኤሌክትሪክ ያልፍና ዜማው ይጀምራል። የታሰበው ልጁ ዜማውን እንደ ሽልማት ቆጥሮ በድጋሚ እንዲሻው ነበር። ልጄ ግን መጀመሪያ ላይ ደንግጣ ተነሣች፤ ድምፁ የመጣው ከተቀመጠችበት ሥር በመሆኑ አልፈረድኩባትም። ድንጋጤው ካለፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ ገባት፤ የምትጠጣውን ውሃ በኩባያዋ እያመጣች በማፍሰስ ፖፖውን ታዘፍነው ጀመር። ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ የሚያኮራ ግኝት ነው፤ አንዱን ነገር አድርጎ ሌላውን መጠበቅ፣ ካልሆነም ደግሞ መሞከር የዚህ ዕድሜ ትልቁ ሥራ ነው። ለሽንት ሥልጠናው ግን አንዳች የፈየደው ነገር የለም።

ከዜማው ይልቅ ያስቸገረኝ ጽዳቱ ነው። ሣህኑ ከወንበሩ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ ሽንት እዚያ ይገባል፣ በማግሥቱም ይሸታል። ባትሪው ያለበትን ክፍል ውሃ ውስጥ መንከር ስለማይቻል በጨርቅ ጥግ ጥጉን እየቆረቆሩ መጥረግ ግድ ነው። መደገፊያውም ቢሆን ልጁን ዘና አድርጎ ብዙ እንዲቀመጥ ይጋብዘዋል፤ ብዙ መቀመጥ ግን አይፈለግም። አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ምንም ያልመጣለት ልጅ ተነሥቶ ወደ ጨዋታው ቢሄድ ይሻላል። ባትሪው ከወጣ በኋላ እንደ መቀመጫ በርጩማ ክፉ አልሆነም፤ ለዚያ ብቻ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍል አይኖርም።

በትልቁ መቀመጫ ላይ የሚደረበው ቀለበት የሚደፋና የሚታጠብ ነገር ስለሌለው ለአሳዳጊው ይመቻል። በቁጢጥ በሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት ግን ጨርሶ አያገለግልም፤ ይህም ብዙ ግቢዎችን ከወዲሁ ያስወጣል። ባለ መቀመጫ በሆነው ቤትም የሁለት ዓመት ልጅ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ እጆቹ እንዳይወድቅ ጠርዙን ጨብጠው ይቀራሉ፣ ከሥሩ ጉድጓድ አለ፣ ውሃው ሲለቀቅም ያስገመግማል። በዚህ ሁኔታ ዘና ብሎ የሚሸና ልጅ ቢኖር ደፋር ነው። ከእግሩ ሥር ጠንካራ መርገጫ ካልተጨመረለት በቀር ቀለበቱን በዚህ ዕድሜ ግዙ አልልም።

አሁን ሻጩ ወደማይነግራችሁ ጉዳይ ልምጣ። ፖፖ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ልጁ ካልደረሰ ከዕቃነት አያልፍም። እናቴ «አንተማ ልብስህ ላይ መሽናት የተውከው ዓመት ሳይሞላህ ነው» ትለኛለች፤ አትዋሽም። በእሷ ጊዜ እናት ልጇን ከጠዋት እስከ ማታ ከጎኗ አድርጋ ፊቱ ሲለዋወጥ ታያለች፣ እግሯን ዘርግታ በሁለቱ እግሮቿ መካከል ታስቀምጠዋለች፣ «ሽ...» ትልለታለች። ጊዜውን ጠብቃ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች፤ ልጁ ራሱ ሽንቱ መምጣቱን አውቆ፣ ይዞ፣ ተናግሮ መሄድ የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ወላጆች ውለው በሚገቡበት፣ ልጁም ከሞግዚት ወይም ከማቆያ ጋር በሚውልበት ቤት ያን የመሰለ ክትትል አይገኝም፤ ስለዚህ ልጁ ራሱ እስኪችል መጠበቅ ያስፈልጋል። ቤሪ ብራዝልተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም የ1,170 ሕፃናትን ሥልጠና ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት፣ ልጆቹ የቀኑን ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠር የቻሉበት አማካይ ዕድሜ 28.5 ወር ነበር። አማካይ ነውና ከዚያ የሚቀድም አለ፣ ከዚያም የሚዘገይ አለ፤ ወንዶች ልጆች ከሴቶቹ ትንሽ ዘግየት ይላሉ።

መድረሱ በምን ይታወቃል? ዳይፐሩ ወይም የሽንት ጨርቁ ሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ከቆየ፣ ዓይነ ምድሩ ሲመጣ ጨዋታውን አቁሞ ወደ ጥግ የሚሸሽ ከሆነ፣ «ጫማህን አምጣ» ሲባል የሚያመጣ ከሆነ ፖፖውን ማውጣት ይቻላል። ንግግሩም አለበት። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው የልጆች ዕድገት ምልክቶች ዝርዝር፣ ሁለት ቃላትን አገናኝቶ መናገርን በ2 ዓመት፣ ሰፋ ያለ ሱሪን የመሰለ ልብስ ራስን ችሎ ማውለቅን ደግሞ በ30 ወር ያስቀምጣል። በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው፤ «ሽንቴ መጣ» ማለት የቻለችው ሱሪዋን ማውረድ ከመቻሏ ከወራት በፊት ነበር። በእነዚያ ወራት ፖፖው ድረስ በጊዜ ደርሳ ልብሷ ላይ የሸናችው በቁልፍና በዚፕ ምክንያት ነው። ለፖፖ የሚወጣውን ገንዘብ ቀንሶ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ቀላል ሱሪ በዛ አድርጎ መግዛት ከየትኛውም ባለ ሙዚቃ ወንበር የበለጠ ውጤት አለው።

ጽዳቱን በተመለከተ ተራውን ፖፖ የሚስተካከለው አላየሁም። ውስጡ ለስላሳና ያለ ስንጥቅ ስለሆነ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ከጄሪካን በተቀዳ ጥቂት ውሃና ሳሙና ይጠራል፤ አልፎ አልፎ በውሃ የተበረዘ በረኪና ከተደረገበት ሽታ አይዝም። ሽታ መያዝ የሚጀምረው በሽቦ ሲፈገፈግ ነው፤ የተጫረ ፕላስቲክ ቆሻሻውን ይዞ ያስቀራል፣ ስለዚህ በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ እጠቡት። የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም ብሎ ቦይ ውስጥ ወይም አጥር ሥር የሚደፋ ሰው አሁንም አለ። ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በሕፃኑም ዓይነ ምድር ውስጥ ስላሉ መደፋት ያለበት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደፋው ሰውም ልጁም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ልጄ ከፖፖው ይልቅ የእጅ መታጠቡን ትወደዋለች፤ እኛም ይህን እንደ ማባበያ ተጠቅመንበታል።

ከምግብ በኋላ፣ በተለይም ከቁርስ በኋላ፣ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚነቃቃ ልጁን ለማስቀመጥ የተመቸው ሰዓት ያ ነው። የሆድ ድርቀት ካለበት ግን ምንም ዓይነት ፖፖ አይረዳም። አንድ ቀን ያመመው ልጅ በማግሥቱ ይይዘዋል፣ የያዘው ይደርቃል፣ የደረቀውም የባሰ ያማል። ውሃ መጨመር፣ ፓፓያና አትክልት ማብላት፣ የላም ወተት የበዛበት ከሆነ መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ደም ከታየበት ወይም ሆዱ ከተነፋ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የሌሊቱ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ የተለየ ስለሆነ ከፖፖ ግምገማ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። ቀን ላይ ራሱን የቻለ ልጅ ሌሊት አልጋ ማርጠቡ እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል፤ በእንቅልፍ ልቡ ስለሚሆንም ተቆጥተው አያቆሙትም። እኛ ለሌሊት ዳይፐሩን አልተውንም፣ ለመተውም አልቸኮልንም።

ለመግዛት ለተነሣችሁ፣ መርካቶም ሂዱ በሰፈራችሁ ካለው ሱቅ፣ ተራውን ፖፖ ወለል ላይ አስቀምጡና በመዳፋችሁ አንዱን ጎን ጫን በሉት፤ ከተንገዳገደ መልሱት። ከተቻለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱና ከነልብሱ አስቀምጡት፤ ተረከዙ ወለሉን ካልነካ ፖፖው ረዝሟል ማለት ነው። የልጁን ቀለም ምርጫ እሺ በሉት፣ የራሱ እንደሆነ ያውቃልና ይመለስበታል፤ የእኛዋ ቢጫውን መረጠች። ሁለት መግዛት የሚችል ሰው አንዱን ልጁ ከሚውልበት ሰው ዘንድ ቢያስቀምጥ፣ ያውም ተመሳሳዩን ቢያደርገው መልካም ነው፤ የሁለት ዓመት ልጅ የለመደው ዕቃ ሲቀየርበት ከመሽናት መያዝን ይመርጣል። ቀለበቱን ቁመቷ ሲጨምር በመርገጫ እንሞክረዋለን፤ ለአሁኑ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።