የማያንሸራትት የጀልባ ወለል ቀለም፦ ከአንድ ክረምት በኋላ

ባሕር ዳር ላይ 20 ሰው የምትጭን የላሜራ ጀልባ አለችኝ። ዓምና የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ ስንመላለስ፣ አንዲት እናት በባዶ እግራቸው ወደ ጀልባዋ ሲገቡ ተንሸራተው በጉልበታቸው ወደቁ። ወለሉ ዘይት ቀለም ነበር፤ ውኃ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። "ደህና ነኝ ልጄ" ቢሉኝም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀደም ሲል እርጥብ ቀለም ላይ አሸዋ ነስንሼ ሞክሬ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ተላጠ፤ እስኪላጥም የተሳላሚውን ውስጥ እግር ሲቦጭቅ ከረመ።

አሁን ያለው የጎማ ፍርፋሪ የተቀላቀለበት፣ ፖሊዩሬታን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ቀለም ነው። ዘመዴ ከዱባይ በኮንቴነር ከሚያስመጣው ዕቃ ጋር ሁለት ጋሎን አመጣልኝ። ውድ ነው። መቀባቱ አንድ ቀን፣ መፋቁ አራት ቀን ፈጀ። በሚያዝያ ጀልባዋን ወደ ዳር ጎትተን አሮጌውን ቀለም በፍሌክሲብል (በኤሌክትሪክ መፍጫ) እስከ ላሜራው ፋቅን፤ ብየዳው ሥር የተደበቀውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አወጣን፤ ቅባቱን በሚያነሳ አሴቶን ጠርገን፣ ቀለሙ ብረቱን እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን ኢፖክሲ ፕራይመር ቀባን። ሞተሩ አጠገብ ክንድ የምታህል ቦታ መሽቶብን በወጉ ሳንፍቅ አለፍናት። እስከ ዛሬ የተነሳው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ጠዋት ጤዛው ከብረቱ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ላይ ከተቀባ አረፋ ያወጣል። ፍርፋሪው ስለሚዘቅጥ ልጄ ከጎኔ ሆኖ ያማስል ነበር። ሁለት እጅ በሮለር ቀባን። ቀለሙ የሚጠነክረው በአየር እርጥበት ስለሆነ የተከፈተ ጣሳ አይቆይም፤ ያስተረፍኩት ሩብ ጋሎን በሳምንቱ ድፍን ጎማ ሆኖ ጠበቀኝ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወረደበት፣ ከሞተሩ የምንነቅለው እምቦጭ ጭቃውን ዘረገፈበት። እግር ይይዛል፤ ባዶ እግርንም አይቆረቁርም። ጭቃው ፍርፋሪው መሐል ስለሚገባ ግን በመጥረጊያ አይለቅም፣ ጠንካራ ብሩሽ ይፈልጋል።

የምቆጭበት ቀለሙን ጥቁር ግራጫ መምረጤ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ይበረታል፤ ጥቁሩ ወለል ግሎ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በባዶ እግር አይቆምበትም። ነጣ ያለ እስካገኝ ድረስ ተሳላሚ ከመግባቱ በፊት ሁለት ባልዲ የሐይቅ ውኃ እደፋበታለሁ።