ጀልባን በደረቅ መሬት ላይ አይታችሁ አትግዙ

የጎንደር ልጆች፣ ለጣና የሚሆን ጀልባ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔና ሁለት ባልንጀሮቼ 1,450,000 ብር አውጥተን የገዛናት ጀልባ ዛሬ አዘዞ አንድ ጋራዥ ጥግ ሸራ ለብሳ ቆማለች። በእኛ እጅ ውኃ ላይ የቆየችው በድምሩ አራት ሰዓት አይሞላም።

ሐሳባችን ቀላል ነበር። ቆሮሶና አምባዛ ከጎርጎራ እያመጣን ለጎንደር ሆቴሎች ማቅረብ። ዳር ዳሩን በታንኳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እንጀራቸው ነው፣ እነሱን መጋፋት አልፈለግንም። እኛ ራቅ ብላ መሀል ሐይቅ መረብ የምትጥል፣ ስትበላሽ ደግሞ በተሳቢ ተጎትታ ጎንደር የምትወጣ መካከለኛ ጀልባ ነበር የምንፈልገው። ገንዘቡ የሁለት ዓመት እቁብ ነው። አንደኛው ባልንጀራዬ የእናቱን ወርቅ ሽጦ ጨምሮበታል።

ደላላው አዘዞ ወደ አንድ ግቢ ወሰደን። ጀልባዋ ተሳቢዋ ላይ ተቀምጣለች። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ80፣ ፋይበር ግላስ፣ ነጭ ሆና በጎኗ ሰማያዊ መስመር ያላት። ከኋላዋ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር ታስሯል። በጅቡቲ በኩል ገብታ ቀይ ባሕር ላይ የሠራች ናት ተባልን። ሻጩ "ለውቅያኖስ የተሠራች ናት፤ ጣና ለሷ ገንዳ ነው" አለን። ሞተሩን በርሜል ውኃ ውስጥ አድርጎ አስነሳው። በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ድምፁ ልብ ያሞቃል።

ጎርጎራ ወስደን እንሞክራት ስንል ፊቱ ተለወጠ። "የመጎተቻ መኪና ማን ይከፍላል? ደግሞ ነገ ከባሕር ዳር ሌላ ገዢ ይመጣል" አለ። መኪናውን እኛ እንከፍላለን ማለት ነበረብን። አላልንም። ያቺ የግማሽ ቀን ሙከራ የምትፈጀው ወጪ ከከፈልነው ገንዘብ አንጻር ምንም አልነበረችም። በማግስቱ ከፈልን።

በጥር ወር መጨረሻ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጎትተን ጎርጎራ አወረድናት። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። ሦስታችንም ገባን፣ መረብና ነዳጅ ጫንን። ጀልባ ፍጥነት ስታገኝ ብድግ ብላ ውኃው ላይ መንሸራተት አለባት። የእኛዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች እንጂ አልተነሳችም፤ ኋላዋ እንደሰመጠ ውኃውን እያረሰች ትሄዳለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳን 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ውኃ በኋላ በኩል ይገባብን ጀመር። ቀጥሎ ከሞተሩ ጎን እንደ ክር የምትወጣው የማቀዝቀዣ ውኃ ቀጥ አለች። ሞተሩ ጮኸና ጠፋ።

ከዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነበር። የመንሳፈፊያ ጃኬት የለበሰው አንዳችን ብቻ ነን። አንድ የጎርጎራ አዛውንት ጀልባ ነጂ አይተውን ደርሰው በገመድ ባይጎትቱን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚጽፈው እንጃ።

ዳር እንደደረስን እኚያ ጋሼ ጀልባዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ምንም አልተናገሩም። ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብለው አነሱትና ታችኛውን ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች ጫን፣ ለቀቅ አደረጉት። "እዚህ እይ ልጄ" አሉኝ። ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ አብሮ ይተነፍሳል። ወደ ውስጥ ገባ፣ ወደ ውጭ ወጣ ይላል፤ ጥግ ጥጉ ላይ አዲሱ ቀለም እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ተሰንጥቋል። ከዚያ መፍቻ ጠየቁኝና ከወለሉ ላይ አንዱን ብሎን ፈቱ። ከቀዳዳው ቡናማ ውኃ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። የበሰበሰ እንጨት ይሸታል።

"ልጄ፣ መሬት ላይ ሁሉም ጀልባ ያምራል" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ የተማርኩትን ነው እንግዲህ ልነግራችሁ የምፈልገው።

ፋይበር ግላስ ጀልባ ላዩ ፕላስቲክ ይምሰል እንጂ በብዙዎቹ ውስጥ እንጨት አለ። ሞተር የሚሸከመው የኋላው ግድግዳ ሁለት የፋይበር ንጣፍ ሆኖ መሀሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ወለሉም እንደዚያው። ብሎን የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውኃ ይሰርጋል፣ ኮምፔንሳቶው ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ከውጭ ምንም አይታይም። በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ደግሞ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከወለሉ ሥር እንዳትሰጥም የሚሞላው ፎም ውኃ ከጠጣ ደግሞ ጀልባዋ ሳትጫን ተጭናለች ማለት ነው። የእኛዋን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ስናወጣት ሊኖራት ከሚገባው 300 ኪሎ ገደማ በልጣ ተገኘች። ያልተነሳችው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሳንቲም ወይም የፕላስቲክ መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ። የኋላውን ግድግዳና ወለሉን በየስንዝሩ ኳ ኳ አድርጉ። ደህናው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ፣ ካርቶን የሚመስል ድምፅ አለው። ጆሮ ይለየዋል፤ ሙያ አይጠይቅም። ወለሉ ላይ ተረከዛችሁን ረገጥ እያደረጋችሁ ተራመዱ፤ የሚለሰልስ ቦታ ካለ እዚያው ተሰናበቱ። ጋሼ ያደረጉትን የሞተር መጫንም እናንተ አድርጉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

"ለውቅያኖስ የተሠራች" የሚለው ወሬ ደግሞ በልቤ ገብቶ ነበር። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ጀልባ ላይ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሰሌዳ ይለጠፋል። ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ምን ያህል ኪሎ እንደሚችልና የጀልባው ምድብ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ተብሎ ይጻፍበታል። ኤ ለውቅያኖስ ነው። ቢ ከዳር ርቆ ለሚሠራ፣ እስከ 4 ሜትር ማዕበል። ሲ ለባሕር ዳርቻና ለትልልቅ ሐይቅ፣ እስከ 2 ሜትር። ዲ ግን ለተከለለ ውኃ ብቻ ነው፤ ማዕበሉ ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጥበት ቦታ። የእኛዋ ሰሌዳ ከመሪው ሥር ነበር፣ በነጭ ቀለም ተቀብቶ። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው መጀመሪያ የወጣችው ፊደል ዲ ናት። መሀል ጣና ለመግባት ቢያንስ ሲ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ የከሰዓቱን ነፋስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሞተሩ ሌላ ታሪክ ነው። በርሜል ውስጥ መነሳቱ ምንም አይናገርም፤ ሸክም የለበትማ። ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ አስለኩ። የእኛው ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ሁለቱ 120 እና 115 ሲያነቡ ሦስተኛው 70 ላይ ቀረ። በሲሊንደሮቹ መሀል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ሞተሩ ታሟል። የታችኛውን የካምብዮ ዘይትም ጥቂት አፍስሱ፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል። የማቀዝቀዣው መስመር ሲፈታ ደግሞ ነጭ የጨው ቅርፊት ደፍኖት ተገኘ። ጣና ጨው የለውም፤ ጨዉ ቀይ ባሕር ላይ ስትሠራ ሞተሩ ውስጥ የገባ ነው። የባሕር ሞተር ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ውስጡ እንዲህ ይደፈናል።

አንድ ነገር ደግሞ ደህና ሞተር ለሚገዛም ይጠቅማል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 60 ተብሎ የተሸጠላችሁ እዚህ 50 ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ የሚበር ጀልባ ጎርጎራ ላይ የሚያቃስተው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ስትመርጡ ይህንን አስልታችሁ ከፍ ያለ ጉልበት ውሰዱ፤ ፕሮፔለሩንም ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ባለው አስቀይሩ። እምቦጭንም አትርሱ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቃችን ላይ ከታየ ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዳሩን ይዞታል፤ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያውንም ይዘጋል። አረሙ ባለበት ቀስ ብሎ መሄድ፣ አልፎ አልፎም ሞተሩን ወደ ኋላ አስኪዶ ማራገፍ ግድ ነው።

ተሳቢውን ማንም አያየውም፤ እኛም አላየነውም። ከጎርጎራ ስንመለስ ከጯሂት አለፍ ብሎ የቀኙ ጎማ ኩሽኔታ ተቃጠለ። ተሳቢ ከነጀልባው ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ኩሽኔታው ግሪስ ካልተሞላ ዝገት ይበላዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን በክሪክ አንሥታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ የሚያጉረመርም ከሆነ አልቋል። ባሌስትራውን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮችም አንብቡ። የእኛው 3209 ይላል፤ በፈረንጆቹ 2009 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስል ነበር።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተቃጠልን። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ሞተሩ አካል ላይ ያለው አይገናኙም። ይባስ ብሎ ሞተሩ ማሰሪያ ላይ መኖር የነበረበት የቁጥር ሰሌዳ ተነቅሎ የሁለት ሪቬት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ይህን በመጀመሪያው ቀን በአምስት ደቂቃ ማየት እንችል ነበር። ውላችን ደግሞ ቤት ውስጥ በእጅ የተጻፈ ሆኖ "ጀልባዋን አይተን ባለችበት ሁኔታ ገዝተናል" ይላል። ያማከርነው ጠበቃ እንዳስረዳን፣ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ሆን ብሎ ከደበቀ እንዲህ ያለው አንቀጽ አያድነውም፤ ግን መደበቁን ማስረዳት የኛ ሸክም ነው። ገዢም ዕቃውን እንደተረከበ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጭ ማሳወቅ አለበት። እኛ በስልክ እየተለማመጥን ሦስት ሳምንት አቃጠልን። እናንተ ጉድለት ካገኛችሁ በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውን ያዙ። ውሉም ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈጸም፤ የሞተሩ ቁጥር፣ የተሳቢው ሊብሬና "ውኃ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል" የሚለው ይግባበት።

ሻጩ ስልክ አያነሳም። ደላላው "እኔ አገናኘሁ እንጂ አልሸጥኩም" ብሎኛል። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይዘን እየሄድን ስለሆነ ስም አልጠራም።

ይህን አሁን የምጽፈው በዚህ ሳምንት ያንኑ የሚመስል ማስታወቂያ ስላየሁ ነው። ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ መስመር፣ አዲስ ቀለም፣ "ለውቅያኖስ የተሠራች"፣ ዋጋው ከእኛ በ100,000 ብር ይቀንሳል። ፎቶው ላይ የኋላ ግድግዳዋ አይታይም፤ ሁሉም ከፊት ለፊት የተነሣ ነው። እሷን ልታዩ የምትሄዱ ካላችሁ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉልኝ። መዶሻዬን ይዤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ ጎርጎራ ድረስ የመጎተቻውንም ግማሽ እኔ እከፍላለሁ። ጋሼም "አምጧት፣ እኔ ወርጄ አያታለሁ" ብለውኛል።