ፖርቴ ስዊድን ላይ ተከፈተ

ከስታዲየም ወደ ለገሐር ሲኬድ አንድ አሮጌ ፎቅ አለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ፎቶኮፒ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ ጠባብ ክፍል ታገኛላችሁ። ታፔላ የላትም። በሯ ላይ «ራውተር፣ ካሜራ፣ ኔትወርክ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደረጃው ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመከርም። እኔን ያመኛል። ግን ምን ላድርግ፣ አምስት ወር ሙሉ የሱቄን ካሜራ በስልኬ ማየት አቅቶኝ ነበርና ወጣሁት።

ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ሚስት ትተካኛለች። ቤቴ ሆኜ ሱቁን ልይ ብዬ አራት ካሜራ አስገጠምኩ። የገጠመው ሰውዬ ለጉልበቱ 4,500 ብር ተቀበለና «ፖርት ከፍቼልሻለሁ፣ የትም ሆነሽ ታያለሽ» አለኝ። ፖርት ማለት ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ የሚገባበት፣ ቁጥር ያለው በር ነው። በስልኬ አሳየኝ። እውነትም ይታያል። ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ጥቁር ነው። ደወልኩ፣ መጣ፣ አሳየኝ፣ ይሠራል። ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ሦስቴ ተመላለስን፤ በየምልልሱ ለመኪና 500 ብር። በመጨረሻ ስልክ ማንሳቱን ተወው።

የዚያች ጠባብ ክፍል ባለሙያ፣ የስታዲየሙ ልጅ፣ ሱቄ መጥቶ መጀመሪያ ያለኝ ይህን ነው፤ «ማዘር፣ እስቲ ዋይፋዩን ያጥፉና በዳታ ይሞክሩት።» ማዘር መባል ደስ አይለኝም፤ ገና 51 ዓመቴ ነው። አጠፋሁት። ጥቁር። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ቆመን በሱቁ ዋይፋይ ነበር የምናየው! እንደዚያማ ምንም ፖርት ሳይከፈትም ይታያል።

ራውተሬ ተራ ዕቃ ነው። ስዊድን የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ዐምና ሲመጣ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባል ሶፍትዌር ጭኖበታል፤ ሊኑክስ ነው ይላሉ። የፊተኛው ሰውዬ ገጹን ሲያየው ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። ይሄኛው ግን ፈገግ አለ። ላፕቶፑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ራውተሩ ውስጥ ገባ፤ ከውጭ ማን እንደሚገባ የሚወስነውን የፋየርዎሉን ፋይል አውጥቶ አነበበልኝ። ከውጭ በፖርት 37777 የሚመጣውን ወደ 192.168.1.108 አድራሻ ላክ የሚል ደንብ አለ። ችግሩ፣ 108 ላይ ማንም የለም። የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ማሽን፣ ዲቪአሩ፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት ተበላሽቶ በዋስትና ተቀይሮልኝ ነበር። አዲሱ 143 ላይ ተቀምጧል፤ ደንቡ ግን አሮጌውን ይጠራል። አድራሻውን ከማሽኑ መለያ ቁጥር ጋር አሰረውና ዳግመኛ እንዳይቀያየር አደረገ። ሞከርን። አሁንም ጥቁር።

«ራውተሩ ይቀየር» ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን ጠበቅ አደረግሁ። አላለም። የሚመጣውን ሁሉ የምታሳይ ቲሲፒደምፕ የምትባል ፕሮግራም በራውተሩ የውጭ በኩል አስቀመጠና «አሁን ከስልክዎ ይሞክሩ» አለኝ። እኔ እሞክራለሁ፣ እሱ ስክሪኑን ያያል። አንድም መስመር አልመጣም። «የሚያንኳኳ የለም፤ ደጃችን አልደረሰም» አለ። ከዚያ ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ አየ። በ100.78 ይጀምራል። ላፕቶፑን ገፋ አደረገው።

«ማዘር፣ የራስዎ ፖስታ ሳጥን የለዎትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የተለዩ ናቸው። የድሮው ዓይነት አድራሻ ዓለምን ስላልበቃ፣ አቅራቢው ብዙ ደንበኛ ሰብስቦ በአንድ አድራሻ ያወጣል። እኛ አገር መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚጻጻፈው ማለት ነው። የሣጥኑ ቁልፍ እነሱ ጋ ነው። እኔ በሬ ላይ «የመጣውን ደብዳቤ ለዲቪአር ስጡ» ብዬ ብለጥፍ ማን ያነበዋል? ደብዳቤው ሰፈሬም አልደረሰ።

እና ደንቡን ፊቴ ሰረዘው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሲሰረዝለት ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንዱ፣ አቅራቢውን የራስ ቋሚ አድራሻ ጠይቆ በየወሩ መክፈል። ሁለተኛው፣ ሱቁ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ መስመሩን ሳይዘጋ እንዲቆይ ማድረግ። ለዚህኛው የራሱ አድራሻ ያለው ቦታ ያስፈልጋል። ሰርቨር ለመከራየት ደግሞ ዶላር ከየት አባቴ ላምጣ? የወንድሜ ልጅ ትዝ አለኝ። ቤቱ ያለው ራውተርም እንደኔው ነው። በቴሌግራም አገናኘኋቸው፤ ሁለት ቦታን በምስጢር መስመር የሚያገናኘውን ዋየርጋርድ የሚሉትን ሶፍትዌር በሁለቱም ራውተር ላይ ጫኑ። ፖርቱም በመጨረሻ ተከፈተ፤ 51820፣ ስዊድን ላይ! አሁን ሱቄ በየ25 ሴኮንዱ «አለሁ» ትላለች፣ መስመሩ እንዳይዘጋባት። ስልኬም በዚያው በኩል ዞሮ ይገባል። ዲቪአሩ ለዓለም አልተከፈተም፤ የስታዲየሙ ልጅ ይህ ይሻላል አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ በፋብሪካ ፓስወርዳቸው የተተዉ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን እየዞረ ሰብስቧቸው ነበር። የኔ ፓስወርድ ያኔ ምን እንደነበር አልናገርም።

ሁለት ቀን መጥቶ 2,000 ብር ከፈልኩ። ቅሬታዬን ልናገር። ደረሰኝ የለውም፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ሲያስረዳ ግማሹን ለስክሪኑ ነው የሚያወራው። ምስሉም ስዊድን ደርሶ ስለሚመለስ ትንሽ ይዘገያል፤ ዳታ እንዳይበላ ጥራቱን ዝቅ አድርጎታል። መልክ እንጂ የዚፕ ቁጥር አይነበብም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስዊድንም አያድንም።

የምትሄዱ ከሆነ የራውተሩንና የዲቪአሩን ፓስወርድ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ እዚያ ሆኜ አንድ ሰውዬ ሁለቱንም ረስቶ መጣ፤ ልጁ አንገቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ «ፋዘር፣ ነገ» ብሎ መለሰው። ያንን ደረጃ ወጥቶ!