ጸጥ ባለ የከተማ ዳርቻ ቤት ሲገዙ፦ ነባር ሰፈር ይሻላል ወይስ አዲስ መንደር?

ከከተማው ግርግር ወጣ ብሎ ቤት መግዛት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመነታው በሁለት ምርጫዎች መካከል ነው። አንደኛው ሰው ለዓመታት የኖረበት፣ ዛፉ ያደገ፣ ቤቱ ግን ያረጀ ነባር ሰፈር ነው። ሌላው በቅርቡ የተገነባ፣ ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም የሚሸት፣ ግማሹ ቤት ነዋሪ ያልገባበት አዲስ መንደር ነው። ለማየት ሲሄዱ ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው። የነባሩ ጸጥታ ግን ሰው ሞልቶበትም የዘለቀ ነው። የአዲሱ ጸጥታ ባዶነት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻጭም ሆነ ደላላ ይህን ለይቶ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ጸጥታው ከየት መጣ?

200 ቤቶች ያሉትን አዲስ መንደር እናስብ። እስካሁን የገቡት 50 ቤተሰቦች ናቸው። ከየቤቱ አንድ መኪና በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ቢመለስ፣ በመግቢያው መንገድ ላይ በቀን 200 ጊዜ መኪና ያልፋል። መንደሩ ሲሞላ 800 ጊዜ ይሆናል። በመለኪያ ሲታይ ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ የተሽከርካሪው ብዛት እጥፍ በሆነ ቁጥር አማካይ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ስለሆነ፣ አራት እጥፍ ማለት 6 ዴሲቤል ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ግን አማካዩ አይደለም፤ በመስኮት ሥር የሚያልፈው አንዱ መኪና ነው። እሱ ደግሞ አራት እጥፍ ይመላለሳል።

አዳዲስ መንደሮች ብዙውን ጊዜ መውጫቸው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የውስጥ መንገዶቻቸውም መጨረሻቸው ዝግ ነው። ይህ አሠራር ጫፍ ላይ ላለው ቤት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ማንም በደጁ አያልፍም። መግቢያው አጠገብ ያለው ቤት ግን የጎረቤቱን ሁሉ መኪና ያስተናግዳል። ሁለቱ ቤቶች በፕላንም በዋጋም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዛሬ ሲጎበኟቸውም ልዩነታቸው አይታወቅም። ነባር ሰፈር ውስጥ መንገዱ እርስ በርሱ ስለሚገናኝ ትራፊኩ ይከፋፈላል፤ በአንጻሩ ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ አቋራጭ ፈላጊው ሁሉ በዚያ ይገባል። ቢያንስ ይህንኛውን ከመግዛትዎ በፊት በሥራ መግቢያ ሰዓት ቆመው ሊያዩት ይችላሉ። ገና ያልመጣውን የአዲሱን መንደር ትራፊክ ግን ማንም ሊያሳይዎ አይችልም።

«ከአስፋልቱ 100 ሜትር ገባ ያለ» የሚል ማስታወቂያም ብዙ አያስደስትዎ። ተሽከርካሪ ከማይቋረጥበት መንገድ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ ይህን ያህሉን ለውጥ የሚለየው በጭንቅ ነው። ሰው «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድለት ነው። ስለዚህ ከርቀቱ ይልቅ በመሃል ምን እንደቆመ ይዩ። መንገዱን ከዓይን የሚሰውር የፊት ረድፍ ሕንፃ ወይም ድፍን ግንብ በጣም ይረዳል። አንድ ረድፍ ዛፍ ግን ለዓይን ያምራል እንጂ ድምፅ በማስቀረት ረገድ ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ፣ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከቤት ውጭ ሲለካ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። የስልክ መተግበሪያ የሚያወጣው ቁጥር እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክለኛ አይደለም፤ ሁለት ቤቶችን በአንድ ስልክ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቶ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ከቤቱ አጠገብ ባዶ ሜዳ ካለ የሜዳው ባለቤት እርስዎ አይደሉም። የመሬት አጠቃቀም ፕላኑን ከአካባቢው አስተዳደር ጠይቀው ይመልከቱ። ሰፊ መንገድ፣ ገበያ ወይም ፎቅ የታቀደበት ሊሆን ይችላል። በነባር ሰፈር ይህ ስጋት ያንሳል፤ ባዶ ቦታው ቀድሞ አልቋል።

ቤቱ ራሱስ?

ያረጀ ቤት ችግሩን አይደብቅም፤ ለገዢ ይህ ጥቅም ነው። ከዝናብ በኋላ ሄደው የጣሪያውን ጥግና የግድግዳውን ግርጌ ይዩ። ትኩስ ቀለም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካለ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። በልስን ላይ የሚታይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አያስጨንቅም፤ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ስለሚችል የመሐንዲስ ዓይን ይፈልጋል። ቧንቧው ያረጀ የብረት ቧንቧ ከሆነ ውስጡ በዝገት ስለሚጠብ የውሃው ግፊት ይደክማል፤ ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ የመሬት ሽቦ (ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) እንዳለው ባለሙያ ይመርምርልዎ፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች የለም። የጣሪያው ክዳን አስቤስቶስ (ቀድሞ በክዳን ሥራ ላይ ይውል የነበረ ክር መሰል ማዕድን) ያለበት ከሆነ ደግሞ መቁረጥና መስበር አደገኛ አቧራ ስለሚያስነሣ፣ የማንሻው ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ይደራደሩ።

አዲስ ቤት እንከኑን የሚያሳየው ከገቡበት በኋላ ነው። ኮንክሪትም ልስንም ሲሠሩ የጠጡትን ውሃ ሙሉ በሙሉ ለማስወጣት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ መሬቱም በተጫነበት ክብደት ትንሽ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀጫጭን ስንጥቆች መውጣታቸው፣ በሮችም መያዝ መጀመራቸው የተለመደ ነው። የከፋው ከመሬት በታች ያለው ነው። ቦታው ተሞልቶ የተደለደለ ከሆነ ሙሌቱ በደንብ መጠቅጠቁን፣ የፍሳሽ መስመሩም ከዋናው ጋር በትክክል መያያዙን በዓይን አይተው ሊያውቁ አይችሉም። ማየት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ግቢው ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ ዝቅ ይላል ወይ? በ3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ወደ ግድግዳው የሚያጋድል ግቢ የዝናቡን ውሃ በሙሉ ወደ መሠረቱ ይጋብዛል።

የዛፍ ነገር አጭር ነው፤ አዲሱ መንደር ውስጥ የሚተከለው ችግኝ ጥላ እስኪሆን ዓመታት ይፈጅበታል።

ገንዘቡና ሰዓቱ

ነባሩ ቤት ረከስ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ይመስልና ጣሪያው፣ ቧንቧውና ሽቦው ተራ በተራ ያስወጣል። ይህ ወጪ በአብዛኛው በቤት ብድር አይሸፈንም፤ ከኪስ ነው የሚወጣው። አዲሱ ቤት ውድ ቢሆንም ዋጋው ብድሩ ውስጥ ተካቶ በየወሩ ይከፈላል። ቀለል ያለ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። 100 ሺህ በዓመት 6 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት የሚከፈል ቢበደሩ ወርሃዊ ክፍያው 600 ገደማ ነው፤ በመጨረሻ የሚከፍሉት ወለድ ብቻውን ወደ 116 ሺህ ይጠጋል፤ ከተበደሩት ይበልጣል። በ15 ዓመት ቢያደርጉት ወርሃዊው ወደ 844 ያድጋል፣ ወለዱ ግን ወደ 52 ሺህ ይወርዳል። ስለዚህ የሁለቱን ቤቶች የሽያጭ ዋጋ ብቻ አያወዳድሩ። ለነባሩ የጥገናውን ግምት፣ ለአዲሱ ደግሞ የብድሩን ወለድና የጋራ መጠቀሚያዎችን ወርሃዊ መዋጮ ደምረው ያወዳድሩ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ጉዞውን ነው። አዲስ መንደር የሚገነባው ባዶ መሬት በተገኘበት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከነባሩ ይርቃል። ወደ ሥራ የሚወስደው ጊዜ በአንድ ጉዞ 25 ደቂቃ ቢበልጥ በቀን 50 ደቂቃ ነው፤ በዓመት 230 የሥራ ቀናት ቢቆጠሩ ከ190 ሰዓት ይበልጣል። በ8 ሰዓት ሲካፈል 24 የሥራ ቀናት መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩና የአውቶቡስ መስመሩ ደግሞ የሚመጡት ከነዋሪው በኋላ ነው፤ «በቅርቡ ይከፈታል» የሚል ሰሌዳ ላይ ተመሥርቶ ቤት አይገዛም። ከቤት የሚሠራ ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል።

የቱን?

ልጆቹን ወዲያውኑ ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ በየቀኑ ወደ ከተማ የሚመላለስ፣ ለጥገናም በእጁ ጥቂት ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ነባሩን ሰፈር ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ የሚገዛውን ጸጥታ አይቶ ነውና የሚገዛው። በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው፣ ወርሃዊ ገቢው ግን የማይዋዥቅ፣ ለጥቂት ዓመታት የግንባታ አቧራና ጫጫታ የሚችል ደግሞ አዲሱን ይውሰድ። እኔ አዲሱን ብመርጥ ከመግቢያው የራቀ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቤት ካልሆነ አልፈርምም። ውሉም ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ እጠይቃለሁ፤ ከክፍያው የተወሰነው እንከኖቹ እስኪታረሙ ድረስ እንዲያዝ፣ የውስጥ መንገዱና የፍሳሽ መስመሩም መቼ ተጠናቆ በማን እንደሚተዳደር። ሻጩ ሁለተኛውን በጽሑፍ ለመመለስ ካንገራገረ ወደ ነባሩ ሰፈር እመለሳለሁ።